የናፍጣ ጭድ

«ከላይ ንጹሕ ጭድ፣ ከሥር ይኼ! እስቲ ንገረኝ፣ ይኼ የጤና ነው?»

አክስቴ ክንዷን እስከ ክርኗ ማዳበሪያው ውስጥ ከታ ነበር። ስታወጣው መዳፏ ጠቁሯል፤ በጣቶቿ መሃል የተጣበቀው ጭድ ዘይት ጠጥቶ ያብረቀርቃል።

«ሽታው እንዳይወጣ ብዬ ነው» አለ አባቴ። የፈታታውን የውሃ ፓምፕ ከፊቱ ዘርግቶ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ ቀና እንኳ አላለም።

«ሽታውማ ወጣልህ! የአባባ ግድግዳ ላይ ወጣልህ!»

«እታለም፣ ቀስ በይ። ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ብርድ ላይ ተቀምጠው ሲንቀጠቀጡ ከሚውሉ ቢሰሙ ይሻላል።»

«ማን ተንቀጠቀጠ? ፀሐይ እየሞቁ ነው።»

«የቱን ፀሐይ? ደባርቅ ላይ የምን ፀሐይ አለ? ጉሙን ነው የሚሞቁት?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ልግባ ወይስ ልመለስ ግራ ገብቶኝ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ዳባት ነው። ያን ቀን አባቷን ልትጠይቅ ጠዋት በሚኒባስ መጣች። አያቴ አዲሱ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ለምን ደጅ እንደተቀመጡ ስትጠይቃቸው «እዚህ ይሻለኛል» አሏት። አላመነችም። ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ክፍሉ ገባች። አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ አሸተተች፤ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፤ ጥፍሯን አየች። ከዚያ ማንንም ሳታናግር ቀጥ ብላ ወደ ወርክሾፑ መጣች፤ ከበሩ ጎን ያገኘችውን የመጀመሪያ ማዳበሪያ ፈታች።

ወርክሾፕ የምንለው ከግቢያችን ቁልቁል በኩል ያለውን፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተመታውን ቤት ነው። ወለሉን ሲሚንቶ ያደረገው አባቴ ራሱ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ የወፍጮ ሞተር ይጠገንበታል። ሞተር ሲፈታ ደግሞ ይፈሳል። ምንም ያህል ሳህንና ጣሳ ከሥሩ ቢደረደር የሚያመልጥ ናፍጣ አይጠፋም። ግቢያችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ የፈሰሰው ሁሉ መውረድ ያምረዋል፤ ከኛ በታች ያለው ደግሞ የጎረቤታችን የድንች ማሳ ነው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ላይ ጎርፍ የወርክሾፑን ወለል አጥቦ ወደዚያ ወረደ። ድንቹ በጎርፉ መስመር ብቻ ቢጫ ሆነ፤ ሰው በብሩሽ የቀባው ይመስል ነበር። ጎረቤታችን መጣ፣ ግን አልጮኸም። አንድ እግር ድንች ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ነበር። በአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት «አሽተው» ብቻ አለና ቆመ። አባቴ አሸተተ። ያን ቀን ፊቱ እንዴት እንደሆነ አሁንም አይረሳኝም። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፤ አባቴም ከዚህ ደፍ አንዲት ጠብታ አታልፍም ብሎ ቃል ሰጠ። የፈሰሰውን የሚመጥለት ጭድ ማስቀመጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ በአመድ ሞከረ። አመድ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ ጫማ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይመጣል። ሰጋቱራ ጥሩ ነበር፤ ግን የከተማው አናጢዎች ሰጋቱራቸውን የሚወስድላቸው የራሳቸው ሰው አላቸው። የጤፍ ጭድ ግን ደቃቅ ነው፣ ይጠጣል፣ በመጥረጊያ ሰብሰብ ሲደረግ ይታዘዛል። የአክስቴ ባል ከዳባት ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ጤፍ ስለሚያርስ፣ አውድማ በተነሳ ቁጥር አክስቴ ጭዱን በማዳበሪያ ጠቅጥቃ፣ አፉን በሲባጎ ሰፍታ፣ አውቶቡስ ላይ አስጭና ትልክልናለች።

ጭድ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። የኛን አገር ጉም የማያውቅ ነው እንደዚያ የሚለው። ጉም የገባበት ጭድ ዘይቱን አልቀበልም ይላል፤ መሬት ላይ ያንሳፍፈዋል እንጂ አይጠጣውም። ስለዚህ አባቴ ጣሪያው ሥር ቆጥ ሠራለት፤ ከፍ ያለ፣ ደረቅ ቦታ። የራሱን ልብስ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ አስቀምጦ አያውቅም። ድመት እንዳትገባበት በወንፊት ሽቦ ጋረደው። የዕለቱን ደግሞ በሩ አጠገብ በጣሳ ያኖራል፤ የሆነ ነገር ሲፈስ ሩጫ እንዳይሆን።

ችግሩ የጠጣው ጭድ ነው። ንጹሑ ቦታ አለው፤ የቆሸሸው የት ይሂድ? በርሜል ነበረው፣ ክዳን ያለው፣ ሞላ። እንዳያቃጥለው ጭሱ ሰፈሩን ያፍናል፤ አጥሩም ባሕር ዛፍ ነው። ወንዝ ዳር እንዳይደፋው ሰው ልብስ ያጥባል፣ በግ ይጠጣል። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ከብት ይግጣል፤ ላም ደግሞ ጭድ ካየች ዘይት አለው የለውም አትልም። አንድ ጊዜ በጋሪ ጭኖ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ እንደጫነ ተመለሰ። «ቦታ አጣሁለት» አለ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በምትልካቸው ማዳበሪያዎች ውስጥ መልሶ መጠቅጠቅ ጀመረ። ሽታው እንዳይበረታና ወደ ላይ የሚመጣውን ዘይት እንዲይዝ አናቱ ላይ ወፈር ያለ ንጹሕ ጭድ ያለብሰዋል። ከዚያ ከወርክሾፑ ጀርባ፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር ይደረድረዋል። ቦታ እስኪገኝለት።

አያቴ ወደኛ ሊመጡ የወሰኑት ባለፈው ዓመት ክረምት መውጫ ላይ ነው። ደረስጌ በኩል ባለ የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። አያቴ፣ ሴቷ፣ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ዓይናቸውም ደከመ። አክስቴም አባቴም ለመኗቸው። እርሳቸው ልጃቸው ጋ፣ ደባርቅ፣ አሉ።

ይህ ለአባቴ ምን ማለት እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ በልጅነቱ አባቱ ዘንድ ዜማ ይማር ነበር። ድምፁም ጥሩ ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ግን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ጎንደር ገባና ሞተር መፍታት ተማረ። አያቴ አልተቆጡትም፣ አልረገሙትም። ብቻ ቤት ከሠራ በኋላ አንድም ቀን መጥተው አላደሩለትም። ስለዚህ ያን ጊዜ «ልጄ ጋ» ሲሉ አባቴ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ዓይኑን ሲያብስ አየሁት፤ የናፍጣ እጁን ረስቶ። ከወርክሾፑ ጎን ካለችው ብቸኛ ደልዳላ ቦታ ላይ ክፍል ማቆም የጀመረው በማግስቱ ነው።

«ምርጊቱ የኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ» አለች አክስቴ። በኛ ዘንድ ለአባት ቤት የሴት ልጅ እጅ ቢያርፍበት ደስ ይላል። ከዳባት መጣች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፣ ጭቃውን በእግሯ እየረገጠች የሠርግ ዘፈን ዘፈነችልን። ይዛ የመጣችው ጭድ አላዳረሰም። አባቴ ያን ቀን ቡይት ራስ ያለ ሎጅ ጄኔሬተሩ ቆሞበት ወደዚያ ወጥቶ ነበር። እኔ ውሃ እቀዳለሁ። አክስቴ ጭድ ፍለጋ ወደ ወርክሾፑ ጀርባ ዞረች፤ ራሷ የሰፋቻቸውን ማዳበሪያዎች አገኘች። አንዱን ፈታ አደረገች፤ ወርቅ የመሰለ ጭድ። «አቤት ወንድሜ፣ የላክሁለትን ሁሉ እንደ እህል ያከማቻል!» ብላ ሳቀች፤ እያነሳች ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠች። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ከሥር የወጣውን የጠቆረ ጭድም ጥቁሩ ጭቃ ወዲያው ዋጠው። ጭቃውም ራሱ ይቦካ ዘንድ ውሎ አድሮ የሸተተ ነው። የናፍጣ ሽታ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ አብሮን የሚኖር ነገር ስለሆነ አፍንጫችን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መረገች፣ ከላይ በነጭ አፈር ቀባችው። ከዚያ የሚያምር ክፍል አይቼ አላውቅም።

በጋው ገብቶ ግድግዳው ሲደርቅ አያቴ ገቡ። ጥቂት እንደቆየ ነጩ አፈር ላይ እንደ ጥጃ ቆዳ ዥጉርጉር ነገር ብቅ አለ፤ እርጥበት ነው አልን። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ሲግል ክፍሉ ይከብዳል፤ አዲስ ቤት ነው አልን። አያቴ ጎሕ ሲቀድ ጧፍ አብርተው ዳዊት መድገም ልማዳቸው ነበር፤ ጧፉን ተዉት። መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ወደ ደጃፍ ወጡ፣ ከዚያ ከደጃፍ ራቅ አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ስለ አንድ ሽማግሌ ዱካ በየቀኑ ከቤቱ ትንሽ ትንሽ ስለመራቁ ስንኝ ጀምሬም ነበር። ምክንያቱን ግን አልጠረጠርሁም። የጠረጠረው አባቴ ነው፤ እሱም በተሳሳተ በኩል።

«ሞተር ይጠላሉ» አለኝ አንድ ቀን። «ድሮም ይጠሉ ነበር። ለኔ ብለው እየቻሉት ነው።»

ከዚያ ወዲህ አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ ሞተር ያስነሳል፤ ሲመለሱ ያጠፋል። ደንበኛ ያጉረመርማል። አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፦ አባቱ ዳባት ይሻለኛል እንዳይሉት።

እንግዲህ አክስቴ ያን ጠዋት እጇን አጥቁራ የቆመችው በዚህ መሃል ነው።

«ይኼ ነገር አፈር ለአፈር ሄዶ ግድግዳውን በልቶታል» አለች። «ቆሻሻህን ቤቱ ሥር ከምረህ! አባባ ጧፍ ቢያበሩበት ኖሮስ? ግድግዳው ራሱ ጧፍ ሆኗል እኮ!»

አባቴ ድንገት መፍቻውን አስቀመጠ። ማዳበሪያውን አየ፤ እህቱን አየ።

«እታለም። ምርጊቱን ያቦካሽው በየትኛው ጭድ ነው?»

«በየትኛው ይሁን? በራሴ ነዋ! ለአባቴ ቤት የሰው ጭድ እለምናለሁ?»

«ይዘሽው የመጣሽው በቃሽ?»

«መች ይበቃል። የላክሁልህ ነበር አይደል፤ ከዚያ አነሳሁ።»

«ከቆጡ?»

«የምን ቆጥ? ከጀርባ፣ ከክዳኑ ሥ…»

አልጨረሰችውም። ቀስ ብላ ያረጀ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጠች፤ ጥቁሩን እጇን የሰው ዕቃ ይመስል ከቀሚሷ አርቃ ያዘችው።

«እኔ ነኝ?» አለች።

«አይደለሽም።»

«እኔ ነኝ እንጂ! በዚህ እግሬ ረግጬ፣ በዚህ እጄ…»

«ንጹሕ ጭድ ያለበስሁት እኔ ነኝ። አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ማንም ቢሆን ያነሳው ነበር።»

«እኔ እየዘፈንሁ ነበር'ኮ!» አለችና ጮክ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተበላሸ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ትመለከቺናለሽ? በግጥም ልታወጪን ነው? ሳሙና አምጪልኝ!»

«በውሃ አይለቅም» አልኋት፤ «መጀመሪያ በደረቅ ጭድ እሺው።» ከጣሳው ዘግኜ ሰጠኋት። በሁለት እጇ እያሸች አንድ ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። እጇ ሲነጣ ድምፅዋም ተመለሰ።

«በቃ። ያበላሸሁት እኔ፣ የምክሰው እኔ። ዛሬውኑ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ዳባት ነዋ! ልጆቹ ያድሩበት የነበረ ክፍል አለ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ…»

«የትም አይሄዱም።» አባቴ ተነሳ። «ስንት ዘመን ጠብቄ ነው የመጡልኝ? ግድግዳውን ዛሬ እፍቀዋለሁ። ከፈለጉ የኔ አልጋ ላይ ይተኙ። ወርክሾፑንም ልዝጋው፤ ጎንደር ሄጄ ተቀጥሬ እሠራለሁ።»

«እዩት! ጎንደር ሄዶ ከአባቱ ጋር ሊኖር!»

«እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«መስማት ነው!» አሉ አያቴ።

በሩ ላይ ነበሩ። መቼ እንደመጡ ማናችንም አላየንም። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከደፉ ወዲህ አንድ እግራቸውን አስገብተው። አባቴ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሮጦ ክንዳቸውን ያዛቸው፤ እኔ ዱካ አቀረብሁ። አልተቀመጡም። የተፈታው ማዳበሪያ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ቀና አሉ።

«እሱ ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ደህና ነው ሲለኝ የአፍንጫዬ እርጅና መስሎኝ ነበር።»

«አባባ፣ ምነው አልነገሩንም?» አለች አክስቴ።

«ብነግረው ምን እንደሚያደርግ አሁን አልሰማሽም? ሥራውን ይዘጋል።» ወደ አባቴ ዞሩ። «ከቅዳሴ ስመለስ ሞተሩ ዝም ይላል። መጀመሪያ ሥራ የጨረስህ መሰለኝ። ኋላ ነቃሁ፤ ለኔ ብለህ ታጠፋዋለህ። ድምፁን እንዲህ ካደረግህ ሽታውን ብነግርህማ ቤትህን ታፈርሳለህ አልሁ።»

«ሞተር ይጠላሉ ብዬ ነው አባባ።»

«ማን ነገረህ?»

አባቴ የቀረበውን ዱካ በእጅጌው ጠረገላቸው።

«ድሮ ጥለኸኝ ስትሄድ ተከፍቻለሁ። አልዋሽም። በሞተሩ ግን አይደለም፤ ድምፅህን ይዘህብኝ ስለሄድህ ነው። ሞተሩንማ እዚህ ከመጣሁ ለመድሁት። ያ ከወፍጮ ቤት የመጣው እንዲያውም መሃል ላይ ምት እየዘለለ ያናድደኛል፤ ተማሪ ቢሆን በአርጩሜ ነበር።»

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። አባቴም ሊስቅ ብሎ አፉን በክንዱ ሸፈነ።

«እንግዲያው ይቆያሉ» አለ። «ዛሬ እፍቀዋለሁ። ነገ በደህና ጭድ ይመረጋል።»

«ይደርቃል?»

አባቴ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ። ከቆርቆሮው ክፍተት ጉሙ ይገባ ነበር፤ በዚህ ወቅት የተመረገ ግድግዳ በጋው ጠንክሮ እስኪመጣ እንደ ረጠበ እንደሚቆይ አራታችንም እናውቃለን።

«ደረቴ እርጥብ አይችልም» አሉ አያቴ። «ይኼንንም ሽታ አይችልም። ከእህትህ ጋር እሄዳለሁ።»

አክስቴ የፈለገችውን አገኘች፤ ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ጎማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አባቴ ሲናገር ድምፁ የሰው ዕቃ የሰበረ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ሲደርቅ ይመለሳሉ?»

«ዕድሜዬን ታየዋለህ፤ እመለሳለሁ ብዬ አልምልልህም። መመለስ ግን እፈልጋለሁ። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ። ይኼን ይዘህ ሥራ።»

«ከግድግዳው የሚፋቀውስ ጭቃ የት ይጣላል?» አለች አክስቴ በቀስታ። እስከዚያ ማናችንም ያላሰብነው ነገር ነበር። ግድግዳ ሙሉ ናፍጣ የጠጣ ጭቃ። አባቴ ወደ ጀርባው በር አየ፤ ማዳበሪያዎቹ ወደተደረደሩበት።

«አሁን የሚጣልበት የለም» አለ። «በርሜል ፈልጌ አስቀምጠዋለሁ። ክዳን ያለው። ከላይ ምንም አላለብሰውም።»

«ይጻፍበትም» አልሁ እኔ። «ናፍጣ የጠጣ ነው፣ አይነካ ብዬ በቀለም እጽፍበታለሁ።»

«ጻፊበት» አሉ አያቴ። «በትልቁ ጻፊው፤ የኔ ዓይነት ዓይን ያለው ሰውም እንዲያየው። አንተም የጎረቤትህን ድንች አደራ፤ ተናደህ ወደዚያ እንዳትደፋው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እጃቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው በግዕዝ አጠር አድርገው መረቁት፤ አልሰማሁትም፣ ለእርሱ ብቻ ነበር። አክስቴ ዕቃቸውን ልትሰበስብ ቀደም ብላ ወጣች። አባቴ እስከ መናኸሪያ ልሸኝ ብሎ ጃኬቱን ሲያነሳ አያቴ ከዘራቸውን ደረቱ ላይ አደረጉበት።

«ባለፓምፑ ሰውዬ ይጠብቅሃል። እህትህ አለች፣ አታደርሰኝም?»

«አባባ…»

«ሥራህን ሥራ፤ ከእንግዲህ ሞተሩን አታጥፋ።»

ደፉን ተሻገሩ። እኔም አባቴም ከውስጥ ቆመን አየናቸው። ዞር አሉ፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ያዙ፣ የቆርቆሮውን በር በሁለት እጃቸው ጎተቱና ቀስ አድርገው ዘጉት።